ጎንደር ዙሪያ ጂኦሎጂካል ካርታው "ሁሉም ባዛልት" ይላል፣ ካርታው ነው የተሳሳተው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ከተማ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ወንድማችን የአካባቢውን ጂኦሎጂካል ካርታ፣ 1:250,000 የሆነውን ማለቴ ነው፣ ከነማብራሪያ መጽሐፉ ስካን ተደርጎ ደረሰው። ከፍቶ ሲያየው ከተማው ዙሪያ ሁለት ሦስት ቀለም ብቻ ነው፣ ሊጀንዱም (የቀለሞቹ መፍቻ) ባዛልት፣ ማለት ላቫ ቀዝቅዞ የሆነው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት፣ አሁንም ባዛልት። "እኔ ግን በአይኔ የማየው ሌላ ነው ጋሼ፣ ቀይ አለ ግራጫ አለ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አለ፣ ታዲያ ካርታው ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ ማንበብ አቅቶኝ ነው? መጽሐፉንስ ከየት ልጀምረው? ተማሪ ይዤ እስከ ሊማሊሞ ልወጣ አስቤያለሁ። ደግሞ ትምህርት ቤታችን የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ነውና ካርታው ውሃ ያለበትን ያሳያል ወይ?" ይላል።

ካርታውም አልተሳሳተም አንተም አልተሳሳትክም፣ ካርታውን ያለ መጽሐፉ ስላነበብከው ነው። አብዛኛው ሰው የሚያረገው እንደዛ ነው፣ ባለቀለሙን ወረቀት ግድግዳ ላይ ይሰቅልና መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ አቧራ ያስጠጣዋል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል መጽሐፉን ነው የምይዘው፣ ካርታው የመጽሐፉ ማጠቃለያ ነው እንጂ መጽሐፉ የካርታው ጌጥ አይደለም።

መጀመሪያ ስኬሉን አስበው። በ1:250,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት መሬት ላይ 250 ሜትር ነው። መላው የፋሲል ግቢ ከነአጥሩ 7 ሄክታር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ካርታው ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ብዙም አይበልጥም፣ የእርሳስ ጫፍ ይሸፍነዋል። የአገር አቀፉ 1:2,000,000 ካርታ ላይ ደሞ 1 ሚሊ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዛ ላይ ጎንደር ከተማ ራሷ የጥፍር ጫፍ ታህል ነው። አንዱ የ1:250,000 ሺት፣ ማለት አንዱ የካርታ ወረቀት፣ ወደ 18,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ይሄን ሁሉ መሬት የሚሰራ ቡድን አምስት ሜትር ውፍረት ያላት ቀይ ንጣፍ ባየ ቁጥር ለብቻዋ ቀለም ልስጣት ቢል ካርታው አያልቅም፣ ቢያልቅም አይነበብም። ስለዚህ ይጠቀልላሉ። አንድ ቀለም ማለት አንድ ድንጋይ ማለት ሳይሆን "እነዚህን አብረን ብንይዛቸው ያስኬዳል" ብለው የወሰኑት ጥቅል ነው። ጥቅሉ ውስጥ ምን ምን እንዳለ፣ ለምን አንድ ላይ እንደታሰረ፣ የት ጋ እንደተጠራጠሩ፣ ይሄ ሁሉ ያለው መጽሐፉ ውስጥ ነው።

የኛ አካባቢ ጥቅል ደሞ ልዩ ነው። ዛሬ ከጎንደር እስከ ስሜን የምታየው ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን አመት በፊት ገደማ በጣም ባጭር ጊዜ፣ በጂኦሎጂ አነጋገር ባጭር ማለት አንድ ሚሊዮን አመት ገደማ ውስጥ፣ እየፈሰሰ የተደራረበ ላቫ ነው። ሰሜን ምዕራቡ ደጋ ላይ ውፍረቱ ቦታ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንድ ፍሰት ይመጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ አናቱ ላይ አፈር ይበቅላል ሳርና ዛፍ ይወጣል፣ ከዛ የሚቀጥለው ፍሰት ይመጣና አፈሩን አቃጥሎ ይሸፍነዋል። አንተ "ቀይ አለ" ያልከው አብዛኛው ያ የተቃጠለው ጥንታዊ አፈር ነው የሚሆነው፣ ሁለት ጥቁር ንጣፍ መሀል ቀይ መስመር ሆኖ ካየኸው። ነጭ ነጠብጣቡ ደሞ ላቫው ሲፈስ ጋዙ የተወው ቀዳዳ ነው፣ በኋላ ውሃ ይዞት የመጣው ዜኦላይት ወይ ካልሳይት የሚባል ነጭ ማእድን ሞልቶት። ግራጫውና ለስላሳው ቱፍ ሊሆን ይችላል፣ ከላቫው መሀል የወደቀ የእሳተ ጎመራ አመድ ማለት ነው። ሁሉም እዛው አንዱ "ባዛልት" የሚል ቀለም ውስጥ ናቸው። መጽሐፉን ከፍተህ ስለዛ ዩኒት፣ ማለት ስለዛ ጥቅል፣ የተጻፈውን ብታነብ "አልፎ አልፎ ቱፍና ቀይ የአፈር ንጣፍ ይገባበታል" አይነት ዓረፍተ ነገር ታገኛለህ፣ አንተ በአይንህ ያየኸው እዛች ግማሽ መስመር ውስጥ ነው ያለው።

ሊጀንዱ ላይ አሸንጌ፣ አይባ፣ አላጄ፣ ጣርማበር የሚሉ ስሞች አይተህ ይሆናል፣ ጎንደር ላይ ምን ይሰራሉ ብለህም ሳትገረም አልቀረህም። እነዚህ ዩኒቶቹ መጀመሪያ የተገለጹባቸው ቦታዎች ስም ናቸው። አሸንጌ ሐይቁ ነው፣ አላጄ አምባ አላጌ ነው፣ ጣርማ በር ሸዋ ደብረ ሲና አናት ላይ ያለው በር ነው። ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል፣ እንግሊዞች በ1868 በፈረንጅ አቆጣጠር አጼ ቴዎድሮስ ላይ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት አብሮ መጥቶ ነበር፣ እግረ መንገዱን ድንጋዩን እያየ የታችኛውን የአሸንጌ ቡድን የላይኛውን የመቅደላ ቡድን ብሎ ከፈለው። ጦሩ የመጣበትን እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ የሱ ስያሜ ግን ግማሹ እስከ ዛሬ ካርታችን ላይ አለ። በ1970ዎቹ በፈረንጅ ማለቴ ነው የጣሊያን ጂኦሎጂስቶች ክፍፍሉን ወደ አራት አስፍተውት እሱ ነው አገር አቀፉ ካርታ ውስጥ የገባው፣ በፈረንጅ 1996 የወጣው ሁለተኛው እትም ማለት ነው፣ የመንገሻ ተፈራ፣ የታደዎስ ቸርነትና የወርቅነህ ሀሮ ስራ፣ እሱም የራሱ ማብራሪያ መጽሐፍ አለው።

እዚህ ጋ የኔን አቋም ልናገር፣ የማይስማማ ባለሙያ ይኖራል ይኑር። ስሙ ሌላ ቦታ ላይ ለተጠና ንጣፍ የወጣ ነው፣ ከዛ "ይመሳሰላል" ተብሎ ወደኛ ተዘርግቷል። መመሳሰል ደሞ እድሜ አይደለም። ጣርማበር በሚለው ስም ስር ብዙ ጊዜ ትልልቆቹ የሺልድ ተራሮች ይገባሉ፣ ማለት ሰፋ ዘርጋ ብለው የተሰሩ እሳተ ጎመራዎች። ግን በላቦራቶሪ እድሜያቸው ሲለካ የስሜን ሺልድ 30 ሚሊዮን አመት ገደማ ወጣ፣ ከስሩ ካለው ከጎርፍ ባዛልቱ፣ ቅድም እየፈሰሰ ተደራረበ ካልነው ላቫ፣ ብዙም አይለይም። የጎጃሙ ጮቄ 22 ሚሊዮን ገደማ ነው። ጉና፣ ያቺ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው፣ ወደ 11 ሚሊዮን ናት። ሦስቱም ሺልድ ናቸው፣ እድሜያቸው ግን በሚሊዮኖች ይራራቃል። ስለዚህ ተማሪ "ቀለሙ አንድ ስለሆነ ባንድ ጊዜ የፈነዱ ናቸው" ብሎ ቢጽፍልህ ማርክ አትስጠው፣ ቀለሙ የሚነግረው የድንጋዩን አይነትና ከማን በላይ ከማን በታች እንደሆነ ነው። መጽሐፉ ውስጥ እድሜ ሲጠቀስ ከምን እንደመጣ እይ፣ ናሙና ተለክቶ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ጋር ተነጻጽሮ ነው። የቆዩት መጽሐፎች ላይ አብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ሌላ ጎንደሬን ብቻ የሚያስቸግር ነገር አለ። 1:250,000 ሺቶቹ የሚቆረጡት በዲግሪ ነው፣ ቁመታቸው 1 ዲግሪ ወርዳቸው 1 ዲግሪ ተኩል። አንዱ መቁረጫ መስመር 37 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ያልፋል፣ ይሄ ማለት ከፋሲል ግቢ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው! ከተማው የሺት ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠው። ኮርነሩ ላይ ያለውን ኮድ እየው፣ ግቢው ያለው ኤንዲ 37-13 ላይ ነው፣ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ኤንዲ 37-14 ላይ ናቸው፣ ዳባትን አለፍ እንዳልክ ደሞ 13 ዲግሪን ትሻገርና ደባርቅና ሊማሊሞ ኤንዲ 37-10 ላይ ይገባሉ። መቶ ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ሦስት ሺት! ወደ ደቡብ ብትሄድም ያው ነው፣ 12 ዲግሪ መስመሩ ጣናን ለሁለት ይቆርጠዋል። አንተ ጋ ያለው የትኛው እንደሆነ ሳታይ ተማሪ ይዘህ እንዳትወጣ፣ ግማሹ መንገድ ከወረቀቱ ውጪ ነው የሚሆንብህ።

አጎራባች ሺቶች ደሞ የተለያየ ቡድን በተለያየ ዘመን የሰራቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ ድንበሩ ላይ ሁሌ አይገጣጠሙም። አንዱ ላይ ሁለት ዩኒት የነበረው ሌላው ላይ አንድ ይሆናል፣ ኮዱም ይለያያል፣ የቆየው የድንጋዩን ዘመን ተርሺያሪ ብሎ በ"ቲ" ሲጀምር አዲሱ ያንኑ ዘመን ለሁለት ከፍሎ ቀዳሚውን ፓሊዮጂን ብሎ በ"ፒ" ተከታዩን ኒዮጂን ብሎ በ"ኤን" ይጀምራል፣ ኳተርነሪው፣ ማለት የቅርቡ ዘመን፣ "ኪው" ነው በሁለቱም። መሬቱ እዛ መስመር ላይ አልተቀየረም፣ ሰዎቹ ናቸው የተቀየሩት። ይሄን ለተማሪ ማሳየት በራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል ባይ ነኝ፣ ሳይንስ በሰው እጅ እንደሚሰራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

መጽሐፉን ከየት ልጀምር ላልከው፣ ከገጽ አንድ አትጀምር። መግቢያው ስለ መንገድ ስለ አየር ጸባይ ምናምን ነው፣ ዝለለው። መጀመሪያ ሊጀንዱን ከስትራቲግራፊ ምዕራፉ፣ የንጣፎቹን ቅደም ተከተል ከሚያወራው፣ ጋር ጎን ለጎን ዘርጋ፣ ኮዱን እያየህ የኮዱን ገለጻ አንብብ፣ ውፍረቱን፣ ከስሩና ከላዩ ያለውን፣ የት መንገድ ላይ ጥሩ ሆኖ እንደሚታይ። ይሄ የመጨረሻው ላንተ ትልቁ ነው፣ ጂኦሎጂስቶቹ ራሳቸው የቆሙበትን ወንዝና ዳገት በስም ይጽፉታል፣ የጉዞ ፕሮግራምህ ግማሹ ተሰርቶልሃል ማለት ነው። ከዛ "የቀድሞ ስራዎች" የሚለውን ክፍል፣ አጭር ነው ግን ማን ከማን እንደወሰደ እዛ ነው የሚታወቀው። የማእድን ምዕራፉን ለተማሪዎቹ አንብብላቸው፣ ካባው የት እንዳለ፣ ለግንባታ የሚሆነው የቱ እንደሆነ፣ ቤተሰባቸው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ይነቃሉ። ስለ ማይክሮስኮፕ የሚያወራውን ለጊዜው ተወው።

ካርታው ስር ያለችውን ክሮስ ሴክሽን ግን እንዳታልፋት። ካርታ ከላይ ብቻ ነው የሚያየው፣ የቆርቆሮውን ጣራ አይቶ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው መናገር አይቻልም። ክሮስ ሴክሽኗ ባለሙያው ከስር ምን አለ ብሎ እንዳሰበ ታሳይሃለች፣ ከወንዝ በታች ያለው ግን አብዛኛው ግምት መሆኑን አትርሳ። ጣና አካባቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከላይ ባዛልትና ደለል ብቻ ነው የምታየው፣ ነገር ግን በፈረንጅ 2006 የታተመ በኤሌክትሮማግኔቲክ ዘዴ የተሰራ ጥናት ከባዛልቱ ስር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የሜሶዞይክ ዘመን (የዳይኖሰሮቹ ዘመን) ደለል ድንጋይ እንዳለ አሳየ። ከዛ በፊት የተሳለ ክሮስ ሴክሽን ይህን ሊያውቅ አይችልም፣ አይወቀስበትም።

መስመሮቹንም ለይ። ያልተቆራረጠ መስመር ማለት ድንበሩን አይተውታል ነው፣ የተቆራረጠ ማለት ገምተውታል፣ ነጠብጣብ ማለት አፈር ሸፍኖታል። ጎንደር ዙሪያ ፎልቶችም፣ ማለት መሬቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተባቸውን መስመሮች፣ ታያለህ፣ ጥርስ ካላቸው ጥርሱ ያለበት ጎን የወረደው ነው። እነዚህ ዝም ብለው አልመጡም፣ ጣና ያለበት ጎድጓዳ ሦስት ግራበን የሚገናኙበት እንደሆነ በፈረንጅ 1998 የወጣ ጥናት አለ፣ የድንገል በር፣ የደብረ ታቦርና የጎንደር ይባላሉ። ግራበን ማለት በሁለት ፎልት መሀል የሰመጠ መሬት ነው። ከተማው ካለበት ወደ አዘዞ፣ ከዛ ወደ ደምቢያ ሜዳ ስትወርድ እዛ ሰመጥ ያለው ውስጥ እየገባህ ነው ማለት ነው። ደምቢያ ላይ ካርታው ኳተርነሪ ደለል ይልሃል፣ አርሶ አደሩ ዋልካ ይለዋል፣ ክረምት የሚውጥ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር። ጂኦሎጂካል ካርታ አፈሩን ገፎ ከስሩ ያለውን ለማሳየት ነው የሚሞክረው፣ ስለዚህ ዋልካ የምታውቀው ቦታ ሁሉ ደለል ተብሎ ቀለም ካልተቀባ አትደነቅ።

ጉዞውን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን ከግቢው እጀምራለሁ። በፈረንጅ ከ1636 ጀምሮ የተሰራው ያ ሁሉ ግንብ የአካባቢው ባዛልት በኖራ ተያይዞ ነው፣ በሩና መስኮቱ ዙሪያ ያለው ቀላ ያለው ድንጋይ ደሞ ቱፍ ነው፣ ለመጥረብ ስለሚመች። ተማሪው ካርታ ላይ ባንድ ቀለም የተጠቀለለውን እዛ ግድግዳ ላይ ተለይቶ ያየዋል። ባዛልቱን እየው፣ አንዱ ቀዳዳ የሞላበት አንዱ ድፍን፣ ድፍኑ ከፍሰቱ ሆድ ቀዳዳማው ከአናቱ የመጣ ነው። ድንጋዩን መምታትና መፋቅ ግን የለም፣ ቅርስ ነው።

ከዛ ወለቃን አልፈህ ኮሶዬ ላይ አቁም፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነህ ማዶ ያሉትን ደረጃዎች አስቆጥራቸው፣ አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳና አንድ ተዳፋት። ቀጥ ያለው ጠንካራው የላቫው ሆድ ነው፣ ተዳፋቱ ለስላሳው፣ የተበላውና ቀዩ አፈር ነው። ዋናው ግን ሊማሊሞ ነው። ከደባርቅ አፋፍ ወደ ዛሪማ ስትወርድ ከሺህ ሜትር በላይ ባዛልት በጎንህ ያልፋል፣ የውጭም የአገር ውስጥም ተመራማሪ የ30 ሚሊዮኑን እድሜና የድንጋዩን ኬሚስትሪ ለማጥናት ናሙና ከወሰደባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ነው። ጣሊያን የቆረጠው መንገድ ነው ይህን ሁሉ የገለጠልን። ከታች ወደ ላይ ማስተማር ይሻላል፣ ማለቴ መኪናው ወርዶ ሲመለስ እያቆማችሁ፣ አሮጌው ከስር ስለሆነ። መታጠፊያ ላይ አትቁሙ፣ ከባድ መኪና ይበዛበታል፣ ከመውጣትህ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ አጣራ።

ባጀት ካጠረህ ወይ ወደ ሰሜን ካልተመቸ ጭልጋ አለልህ፣ አይከል በመተማ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታው ላይ ባዛልት መሀል ትንሽ የደለል ድንጋይ ቁራጭ ሆና ታገኛታለህ፣ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። ያቺ ትንሽ ቁራጭ ግን የድንጋይ ከሰል አለባት፣ ከዛ በላይ ደሞ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን አመት እድሜ ያላቸው የእንስሳት ቅሪተ አካላት ወጥተውባታል፣ የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የሚባል ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያለው እንስሳ፣ በፈረንጅ 2003 ዓለም ላይ ከታወቁ የሳይንስ መጽሔቶች አንዱ ላይ ታትሟል። አፍሪካ ከእስያ ጋር በመሬት ሳትገናኝ በፊት እዚህ ምን ይኖር እንደነበር የሚናገር ቦታ በጣም ጥቂት ነው፣ አንዱ ደጃችን ላይ ነው ያለው፣ ስንት ጎንደሬ ያውቀዋል ብትለኝ እንጃ። አጥንት የሚመስል ነገር ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ እዛው ተዉት፣ በአዋጅ 209/1992 ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፣ ኪስ ውስጥ መክተት አይቻልም።

አንድ ቴክኒካል ነገር። የቆዩት ካርታዎች የተሰሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው፣ ዳተም ማለት የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ነው፣ ስልክህ የሚሰጥህ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለው ሌላ ዳተም ነው። የስልኩን የዩቲኤም ቁጥር (ቦታን በሜትር የሚናገረውን) ወስደህ ቀጥታ ካርታው ላይ ብታስቀምጥ ከ200 ሜትር በላይ ትስታለህ፣ አብዛኛው ወደ ሰሜን ደቡብ ነው። በዚህ ስኬል አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለተማሪ ጉዞ ችግር የለውም፣ ለጉድጓድ ግን 200 ሜትር ሌላ ሰው ግቢ ነው። ካርታው ጠርዝ ላይ ዳተሙ ተጽፏል፣ ስካን ሲደረግ እንዳልተቆረጠ አረጋግጥ።

ወደ ጉድጓዱ እንምጣ። በዚህ ካርታ ጉድጓድ አይቆፈርም። ባዛልት ውስጥ ውሃ የሚገኘው ድንጋዩ ባዛልት ስለሆነ ሳይሆን ስለተሰነጠቀ፣ ስለበሰበሰ፣ ወይም በሁለት ፍሰት መሀል ቀዳዳማ ንጣፍ ስላለ ነው፣ ድፍኑ ባዛልት ደረቅ ነው። ቀዩ አፈር ደሞ ሸክላ ስለሚሆን ውሃውን ወደ ታች እንዳይሄድ ሊይዘው ይችላል፣ ገደል ላይ ምንጮች ባንድ ከፍታ ተሰልፈው ካየህ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። እነዚህ ደሞ ቅድም እንዳልነው አንዱ ቀለም ውስጥ የተጠቀለሉ ናቸው። ካርታው የሚጠቅምህ ፎልቱ የት እንዳለ፣ የምትቆፍርበት ደለል ይሁን ባዛልት ለማወቅ ነው፣ ከዛ በኋላ የሃይድሮጂኦሎጂ (የከርሰ ምድር ውሃ) ካርታ የሚባል ራሱን የቻለ ሌላ ካርታ አለ፣ እሱም የራሱ መጽሐፍ አለው፣ የቆዩ ጉድጓዶችን ጥልቀትና የውሃ መጠን ይዘረዝራል። ርእሰ መምህሩን እንዲህ በላቸው፦ ቆፋሪ ድርጅት "ካርታው ላይ ውሃ አለ" ብሎ ከመጣ ይመልሱት፣ ቦታው ላይ የኤሌክትሪክ ሰርቬይ፣ ማለት ከመሬት ስር ያለውን በኤሌክትሪክ የሚለካ ጥናት፣ ይሰራ፣ ከሱም በፊት ከውሃ ጽህፈት ቤቱ በአካባቢው የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ሎግ ይጠይቁ፣ ስንት ሜትር ላይ ምን ድንጋይ እንደተመታ የሚናገረውን ወረቀት። የከሸፉትንም ጨምረው ይጠይቁ፣ የደረቀ ጉድጓድ ሎግ ብዙ ጊዜ አይሰጥም ካልጠየቁ።

ጥርት ያለ ኮፒ ከፈለግክ ካርታና መጽሐፎቹ የሚገኙት አዲስ አበባ በድሮ ስሙ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ አሁን ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ከሚባለው ነው። ከዛ በፊት ግን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ጎራ በል፣ እዛ ያሉት ልጆች እነዚህን መንገዶች ስለሚያውቋቸው አንዱ አብሮህ ሊወጣም ይችላል። ኮርነሩ ላይ ያለውን የሺት ቁጥር ላክልኝና አንተ ጋ ያለው የቱን የመንገዱን ክፍል እንደሚሸፍን እነግርሃለሁ።